ኳሱ ይቆይ፣ መግለጫው ይቅደም

የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ አንድ ችግር ብቻ ነው ያለበት፤ እሱም ጨዋታው ነው። ልጆቹ ሮጠው፣ ዘለው፣ ላብ በላብ ሆነው እስኪጨርሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ መጠበቅ ግድ ነው። ዋናው ዝግጅት የሚጀምረው አሰልጣኞቹ ማይክ ፊት ሲቀመጡ ነዋ! ደግነቱ ትዕግሥታችንን የሚክሱ አሰልጣኞች አላጣንም።

ፈር ቀዳጁ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ጋሽ ጂኖ ኦሪየማ ናቸው። 12 ዋንጫ ወስደዋል። ዋንጫ ግን ማንም ይወስዳል፤ እኔ የማደንቀው ምላሳቸውን ነው። ሌላው አሰልጣኝ ስለ ተቀናቃኙ ሲጠየቅ «ጠንካራ ቡድን ነው» ብሎ ያልፋል። ጋሽ ጂኖ ግን የተቀናቃኛቸውን አሰልጣኝ የእትዬ ፓት ሰሚትን ቡድን ቴነሲን «ክፉው ኢምፓየር» ብለው ስም አወጡለት። ክርስትና ያነሱት ነው የሚመስለው።

ሁለቱ ቡድኖች እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2007 ድረስ 22 ጊዜ ተጋጠሙ። ኮነቲከት 13፣ ቴነሲ 9 አሸነፉ። በሴቶች ኳስ እንደዚህ ተመልካች የሚጠብቀው ጨዋታ አልነበረም። ታዲያ ምን ተደረገ? ተቋረጠ። ብስለት ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ የመጣው በማያ ሙር ነው። ልጅቷ ሁሉም የሚፈልጋት ተጫዋች ነበረች፤ ኮነቲከትን መረጠች። ቴነሲ ክስ ይዞ ብቅ አለ። ተመርምሮ የተገኘው ጥፋት ምን መሰላችሁ? ልጅቷን እዚያው ሰፈራቸው ያለውን የኢኤስፒኤን ጣቢያ አስጎብኝተዋታል። ሌላ እንዳይመስላችሁ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ራሱ ቀላል ጥፋት ነው ብሎ አለፈው። እትዬ ፓት ምክንያታቸውን በአደባባይ ሳይዘረዝሩ ጨዋታውን ዘጉት። ጋሽ ጂኖም ዝም አላሉም፤ «ስለምትጠላኝ ነው፣ እሱኑ ተናግራ ትገላገል» የሚል ነገር ጋዜጠኛ ፊት ጣል አደረጉ።

ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ሜዳ ላይ የተያዩት በ2020 ነው። አስራ ሦስት ዓመት! በዚያ መሃል ስንት ልጅ ገብታ ተመርቃ ወጣች። ደግሞ እኮ ልጆቹን «የሳታችሁትን ኳስ ርሱት፣ ቀጣዩን አስቡ» እያሉ የሚያሰለጥኑት እነዚሁ ሰዎች ነበሩ።

ጋሽ ጂኖ አንድ ጊዜ ብቻ ሙያቸውን ዘንግተዋል። እትዬ ፓት በአልዛይመር መታመማቸው ሲሰማ ለፋውንዴሽናቸው 10 ሺህ ዶላር ሰጡ። ምን ይደረግ፣ እንዲህ ያለ ድክመት ማንም ላይ ይደርሳል።

ሙያው ግን ተተኪ አላጣም። በ2023 የአይዋዋ አሰልጣኝ ሊሳ ብሉደር ከደቡብ ካሮላይና ጋር ኳስ መሻማት መጠጥ ቤት ጠብ ውስጥ እንደ መግባት ነው አሉ። እሳቸው ሳይሆኑ ሰው ነው ያላቸው! «እኔ አይደለሁም፣ ሲሉ ሰምቼ ነው» የሚለውን ስልት የሰፈራችን ቡና ጠጪዎች ብቻ የሚያውቁት ይመስለኝ ነበር።

የዘመኑ ቁንጮ ግን የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) አሰልጣኝ እትዬ ኪም መልኪ ናቸው። መጋቢት 2024፣ ግሪንቪል፣ የደቡብ ምሥራቅ ኮሌጆች ሊግ (ኤስኢሲ) ፍጻሜ። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቀርቶታል። የደቡብ ካሮላይናዋ ካሚላ ካርዶሶ የኤልኤስዩዋን ፍላውጄ ጆንሰንን ገፍትራ መሬት ላይ ዘረጋቻት። ተቀያሪዎቹ ሜዳውን ሞሉት፤ ዳኞቹ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ሜዳ የገባውን ሁሉ አባረሩ። ካርዶሶ ሁለት ሜትር ትሞላለች፣ ፍላውጄ በጣም ታንሳታለች።

ከዚያ መግለጫው መጣ። እትዬ ኪም እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ማየት የሚፈልግ የለም ብለው ጀመሩ። እኔም የእናት ወግ ነው ብዬ ተመቻቸሁ። ቀጥለው ግን «ምነው ኤንጅል ሪስን በገፈተረቻት» አሉ። ትንሿን አትንኪ፣ የምትመጥንሽ እሷ ናት፣ ማለታቸው ነው። ኤንጅል የራሳቸው ተጫዋች ነበረች! የካርዶሶንም ቁመት አንድ ኢንች ጨምረው ነው የተናገሩት። ጠብ ይቅር አላሉም፤ በኪሎና በቁመት ተመዝኖ ይሁን ነው ያሉት። በዚያው ወር ደግሞ ገና ያልታተመ የጋዜጣ ጽሑፍ እከሳለሁ ብለው ዝተዋል። ሳያነቡ መናደድ ተሰጥኦ ነው። በዓመት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲከፈላቸው በዛ የሚል ካለ ይሄንን አይቶ ይፈር።

ቅር ያሰኙኝ የደቡብ ካሮላይናዋ ዶውን ስቴሊ ናቸው። አሸንፈዋል፣ ዋንጫ በእጃቸው ነው፣ ማይኩ አፋቸው ሥር ነው። «እነሱ ናቸው የጀመሩት» ለማለት ከዚህ የተሻለ ዕድል የት ይገኛል? እሳቸው ግን ልጆቼ ባደረጉት ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እኛ እንዲህ አይደለንም ብለው ቁጭ አሉ። ለዚያውም ገና ሜዳው ላይ፣ በቀጥታ ሥርጭት!

ወር ሳይሞላ ቡድናቸው 38 ጨዋታ አሸንፎ፣ አንድም ሳይሸነፍ፣ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። በመግለጫ በኩል ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል።