ገና ሳይመታ 10

ሰው ፊት አዋቂ ለመምሰል መሞከር እንደሚያዋርድ አውቃለሁ። አውቄም አላርፍም።

አትላንታ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ጎልፍ ተጫውቼ አላውቅም። ዱላውን የምነካው የተሳፋሪ ቦርሳ ሳወርድ ብቻ ነው። ግን እዚሁ ከተማ፣ ኢስት ሌክ የሚባል ሜዳ ላይ፣ በየዓመቱ የፔጂኤ ቱር (የአሜሪካው ትልቁ የጎልፍ ተከታታይ ውድድር) የፍጻሜው ውድድር ይደረጋል። ያን ሳምንት ሥራው ይሞቃል። የሚሳፈረው ሁሉ ስለ ጎልፍ ያወራል፤ እኔ «እህ» እያልኩ እነዳለሁ።

በነሐሴ 2025 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ነገሩ የእነሱ ነውና) አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ጫንኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት? «ሼፍለር ዘንድሮም 10 ምት ተቀንሶለት ነው የሚነሳው?» አልኳቸው፣ የዘመኑን የጎልፍ አንደኛ እያነሳሁ፣ ዘና ብዬ። በመስታወቱ አዩኝ። «እሱማ ቀረ» አሉ። «መቼ?» «ግንቦት ላይ።»

እስኪወርዱ ድረስ ሬዲዮ አዳመጥን።

የሚያናድደው መሳሳቴ አይደለም። ያን ሕግ ለመረዳት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል! በመጨረሻ የገባኝ በ2024 ነው። አንዲት ተሳፋሪ ቀይ መብራት ላይ እንደቆምን የኩባያ ማስቀመጫዬ ውስጥ ያለውን ሳንቲም አውጥታ ደረደረችልኝ። ለመጨረሻው ውድድር 30 ሰው ያልፋል። ዓመቱን ሲመራ የቆየው ገና አንድ ኳስ ሳይመታ 10 ምት ይቀነስለታል። ለሁለተኛው 8፣ ለሦስተኛው 7፣ ለአራተኛው 6፣ ለአምስተኛው 5። ከዚያ አምስት አምስት እየሆኑ 4፣ 3፣ 2፣ 1 እያለ ይወርዳል። የመጨረሻዎቹ አምስት ባዶ እጃቸውን ይነሳሉ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ክላክስ ነፉብኝ። እኔ ግን በርቶልኛል።

ያን ሰሞን አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ቤት እንደገባሁ ቡናው ቀርቧል። ፈንዲሻውን ከሳህኑ አፍሼ ስኒ ረከቦቱ አጠገብ ደረደርኩ። ይሄ የሼፍለር 10፣ ይሄ የሁለተኛው 8...

«እንዲህ ነው እንግዲህ እማማ፤ በጎልፍ ትንሽ የመታ ነው የሚያሸንፈው።»

«ታዲያ ቤቱ ቢቀመጥስ?»

«አይ፣ መምታትማ አለበት። ግን እሱ 10 ተቀንሶለት ነው የሚጀምረው።»

«ገና ሳይመታ?»

«ገና ሳይመታ።»

ፈንዲሻውን አዩት። አሥሩን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

የማንም ልጅ አይደለም፣ ጎበዝ ስለሆነ ነው ብላቸው አልዋጥ አላቸው። «ላለው ይጨመርለታል ይላል ወንጌሉ» ብለው የሼፍለርን ፈንዲሻ በሉት።

እሑድ ዕለት ውጤቱ ሲወጣ የሳቸው ነገር ትዝ አለኝ። ሼፍለር በ4 ምት ልቆ 25 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሁለተኛ የወጣው ኮሊን ሞሪካዋ ነው። ሞሪካዋ የተነሳው ከ4 ነበር። በአራቱ ቀን ሜዳው ላይ የተመታውን ብቻ ብትቆጥሩ ግን ሞሪካዋ ከሼፍለር 2 ምት አንሶ ነው የጨረሰው። በዱላ አሸንፎ በፈንዲሻ ተሸነፈ።

እኔ ያደግኩት በሩጫ ነው። ሲድኒ 2000 ኃይሌና ቴርጋት 25 ዙር ሮጠው የተለያዩት በ0.09 ሰከንድ ነው። ኃይሌ የአትላንታው ኦሎምፒክ አሸናፊ ስለሆነ አሥር ሜትር ቀድሞ ይነሳ ቢባል ኖሮ እንስማማ ነበር? እንስማማ ነበር። ግን እናፍር ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚል ተረት አለን። በጣም ነው የምወደው። ሰው ሴትዮዋ ላይ ይስቃል እንጂ ብብቷ ሥር ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ እንቁላል ይመስለኝ ነበር። አማቴ ግን ዶሮ ነች ይላሉ። «ቆጥ ላይ ያለችው ዶሮ፣ ብብቷ ሥር ያለችውም ዶሮ። አንዷን ይዛ ሁለተኛዋን ልትጨምር ነው። ስትንጠራራ የያዘቻት በረረች።» ለመሆኑ ሴትዮዋ አንዷን አስራ ብታስቀምጥ ምን ነበረበት? ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ምሽት ተከራክረናል። ባለቤቴ ትታን ተኛች።

የጎልፍ ሰዎች ብብት ሥር የነበረው ጥሩ ዶሮ ነው። ትንሽ የመታ ያሸንፋል፣ አለቀ። ቆጡ ላይ ያዩት ደግሞ የዓመቱም የሳምንቱም ጎበዝ አንድ ሰው እንዲሆንላቸው ነው። የዓመቱን ነጥብ ደምሮ የሚሸልመውን፣ ፌዴክስ ካፕ የሚባለውን ዋንጫ በ2007 ጀመሩ። በ2008 ቪጄ ሲንግ ነጥቡን ቀድሞ ጠራርጎ ኢስት ሌክ የመጣው አራቱን ቀን ተጫውቶ ለመጨረስ ያህል ብቻ ሆነ። ቀየሩት። በ2009 ሚክልሰን ውድድሩን አሸነፈ፣ የዓመቱን ትልቅ ዋንጫ ታይገር ዉድስ ወሰደ። አንድ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሙሽራ። በ2017 ሻውፍሌ አሸነፈ፤ የዓመቱ ዋንጫና 10 ሚሊዮን ዶላሩ ለጀስቲን ቶማስ። በ2018 ታይገር አሸነፈ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ ተከተለው፤ ገንዘቡ ለጀስቲን ሮዝ። ሁለቱን ሙሽራ አንድ ለማድረግ ነው በ2019 ፈንዲሻው የመጣው።

ዘመን መለወጫቸውንም ሳይነኩ አላለፉም። በ2013 የውድድር ዓመታቸውን ከኦክቶበር ጀመሩ፤ የእኛ ደመራ አመዱ ሳይበርድ ማለት ነው። ይሄን የነገረኝን ተሳፋሪ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ዘመን በአደይ አበባ ሰሞን ነው የሚለወጠው ብለን ስንት ዓመት ለፍተናል! አንዱ ዓመት ሁለት ቁጥር ነበረው፣ 2013-14 እየተባለ። ለእኛ ብርቅ አይደለም። የቀረቻቸው ጳጉሜን ብቻ ነበረች። ምን ዋጋ አለው፣ በ2024 ወደ ጃንዋሪ ተመለሱ።

ሕግ ስለመቀየር ካነሳሁ ስለ እቁባችን ሳልናገር አላልፍም። አምስት ዓመቱ ነው፤ ረሳሁት የሚለኝ ካለ አልረሳሁትም። 20 ሰው ነበርን፣ በየሁለት ሳምንቱ 500 ዶላር፣ በዕጣ። 7 ዕጣ እንደወጣ ዳኛው ተነሳ። «ወገኖቼ፣ እቁብ መረዳጃ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሰርግ ያለበት ይቅደም» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰርግ የሌለበት ሰው ጠፋ። የእህት ልጅ ይዳራል፣ የጓደኛ ልጅ ይዳራል። አንዱማ አገር ቤት ያለች የአክስቱን ልጅ ዳረ። በዓመቱ «ሰርጉ እንዴት ነበር?» ስለው፣ «ቀረ» አለኝ። ሰርጉ ነው የቀረው፤ 10,000 ዶላሩ አልቀረም። እኔ 20ኛ ወጣሁ። የዳኛው ወንድም ስንተኛ እንደወጣ አልናገርም።

8ኛ።

ሕግ አይቀየር አልልም። መጀመሪያ ላይ ተቀምጠን እንቀይረው። ሰው ገንዘቡን ከጣለ በኋላ ተነስቶ «ወገኖቼ» የሚል ሰው ግን እግዜር ይይለት።

ወደ ጎልፉ ልመለስ። የመጨረሻውን ውድድር በ2019 ከሴፕቴምበር ወደ ኦገስት ሲያመጡት የአሜሪካ ፉትቦል ሲጀምር ሰው ዞር ብሎ ስለማያያቸው ነው። ከፉትቦል ሸሽተው አመለጡ። በ2025 ታዲያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሲፈልጉ ከየት አመጡ? ከፉትቦል ሊግ። ብራያን ሮላፕ ይባላል። እሱም ብዙ ሳይቆይ፣ እኔ በሽማግሌው ፊት ባፈርኩበት በዚያው ሳምንት፣ እዚሁ ኢስት ሌክ ቆሞ ውድድሩን ከሥሩ የሚያይ ኮሚቴ ተቋቁሟል አለ። ያኔ ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ሰብሳቢው ታይገር ዉድስ። ኮሚቴ! ፈንዲሻው ከቀረ ገና ሦስት ወሩ ነበር እኮ።

ለሐቁ፣ ሁሉም ከዜሮ ሲነሳ ያሸነፈው ቶሚ ፍሊትዉድ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ቱር አንድም ቀን አሸንፎ የማያውቅ እንግሊዛዊ። 10 ሚሊዮኑን ሲቀበል አይቼ ደስ ብሎኛል። ትንሽ ብቻ፤ አኩርፌ ነበር።

በማግስቱ አማቴ ደወሉ። ጤና፣ ልጆች፣ ዝናቡ፣ የጤፍ ዋጋ። ስልኩን ልዘጋው ስል፣ «ያ ልጅ ዘንድሮስ አሥሩን ሰጡት?» አሉኝ።

«ቀረ እማማ። አሁን ሁሉም እኩል ነው የሚነሳው።»

ዝም አሉ።

«እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «የዛሬ ዓመት እንደተመለስኩ ቡና ላይ ለጎረቤቶቼ በፈንዲሻ አስረድቻቸዋለሁ። ሁለቱ ገብቷቸዋል። ሦስተኛዋ ገና ባለፈው ሳምንት ነው የገባት።»

«ታዲያ ምን ይሏቸዋል?»

«ምንም አልላቸውም» አሉና ዘጉት።