ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ልዩ ልዩ ወጪ

ቁጥር፦ የለውም፤ ቁጥር ሰልችቶኛል
ከ፦ ደብረ ማርቆስ
ለ፦ ክቡር ልዩ ልዩ ወጪ፣ ባሉበት
ጉዳዩ፦ ገንዘቤን የት እንዳደረሱት ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ እንዳልሰነበትኩ መቼም ያውቃሉ። ደመወዝ ከወጣ ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው። ቤታችን ውስጥ ወዝዎ ያልጠፋ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ራሴን ላስተዋውቅ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 14 ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤት ገንዘብ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ከመዝገብ ላይ 5 ሳንቲም ብትጎድል አምሽቼ እፈልጋታለሁ፤ አግኝቻትም እገባለሁ። ቤቴ ስደርስ ግን 500 ብር ፊቴ ቆሞ ይጠፋል።

በየወሩ መጀመሪያ ደብተር አወጣለሁ። ከልጄ ደብተሮች አንዱን ሰርቄ ነው። አሰምርና እጽፋለሁ። የቤት ኪራይ። ጤፍ። ዘይት። የትምህርት ቤት። እድር። እቁብ። ለእናቴ። እነዚህ ጨዋ ወጪዎች ናቸው። አንኳኩተው ይገባሉ፣ ቀናቸውን ያውቃሉ፣ ድርሻቸውን ወስደው ይሄዳሉ። እርስዎ ግን እንደ መሸበት እንግዳ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ጥግ ይይዛሉ። አንገትዎን ደፋ አድርገው «ለእኔ 500 ብር ትበቃኛለች» ይላሉ። ወሩ ሲጋመስ መደቡ ላይ ተዘርግተው የማገኘው እርስዎን ነው። ጨዋዎቹ ወጪዎች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ስምዎንስ ማን አወጣልዎ? ጎጃም የቅኔ አገር ነው። እነ ዋሸራ፣ እነ ዲማ፣ እነ ጎንጅ ያሉበት። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው፣ ቁራሽ እየለመነ ስንት ዓመት ይማረዋል። እርስዎ አንድ ቀን ከጉባኤ ሳይውሉ በሁለት ቃል ተቀኙ። ሰሙ «ልዩ ልዩ» ነው። ወርቁ «የት እንደገባ እንጃ» ነው።

የዘር ሐረግዎ ረጅም መሆኑንም አላጣሁትም። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን፣ ባሶ ላይ ትልቅ ገበያ ይቆም በነበረበት ጊዜ፣ እርስዎ ነበሩ። አሞሌው ከአፋር ጨው ሜዳ ተነስቶ ጎጃም እስኪደርስ ስንት አገር ያቋርጣል። ጠርዙ ይፈረፈራል። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ቤት ከገባ ደግሞ ልጅ ይልሰዋል። ዝናቡም፣ ፍርፋሪውም፣ የልጁ ምላስም እርስዎ ነበሩ። የዚያ ዘመን ሰው ግን አንድ ነገር ይሻለዋል። ገንዘቡ ሲያልቅ ቢያንስ ወጥ ይጣፍጥለታል።

በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የሞጣና የቢቸና ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር መጣብኝ ብሎ ተነሳ። ቀላል አመፅ አልነበረም፤ አውሮፕላን እስከ መላክ ተደርሷል። እኔ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ነኝ። በእርስዎ ላይ ልነሳ ብዬ ስንት ጊዜ ወገቤን ታጥቄያለሁ። ግን በማን ላይ ልነሳ? ግብር ሰብሳቢ ፊት አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ የሚመጣበት መንገድ ይታወቃል። እርስዎ የሚመጡት በገዛ ጣቴ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን የምጫነው እኔው ነኝ።

አሁን ወደ ባንኮቹ ልምጣ። አራት የባንክ ሒሳብ አለኝ። ሀብታም ስለሆንኩ እንዳይመስልዎ። አንደኛው ደመወዝ የሚገባበት ነው፤ ይገባበታል ከማለት ያልፍበታል ቢባል ይሻላል። ሁለተኛው በመስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር የተከፈተ ነው። ባለ 200 ብሩ የተወለደበት ወር። እናቴ ከገጠር ስትመጣ በመቀነቷ ቋጥራ የያዘችውን አሮጌ ብር መታወቂያዋ አልታደሰም ነበርና በእኔ ስም አስገባነው። ሦስተኛው አብሮ አደጌ ባንክ ተቀጥሮ «ደንበኛ አምጣ ተብያለሁ፤ አደራ እንዳታሳፍረኝ» ሲለኝ የተከፈተ ነው። እንዳታሳፍረኝ የተባለ ጎጃሜ ምን የማይከፍተው ሒሳብ አለ? 100 ብር አስገባሁ። 100 ብሬ በዓመቱ 7 ብር ወለደች። በጥቅምት 2010 የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ተደርጎ ነበር። በዚያው ዓመት በርበሬው ስንት እንደወለደ ገበያ የወጣ ሰው ይንገርዎ። አራተኛውን ለምን እንደከፈትኩት ረስቻለሁ። ዣንጥላ ሰጥተውኝ መሰለኝ።

በዚህ ላይ ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር አለ። አምስት ኪስ ማለት ነው። ሱሪዬ እንኳን ያለው አራት ነው።

ታዲያ ከአንዱ ኪሴ ወደ ሌላው ኪሴ ሳዛውር ምን ይመጣል? የአገልግሎት ክፍያ። በአገልግሎት ክፍያው ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ክቡር ሆይ፣ እውቀት ያለው ይንገረኝ። ብሩ ያው ብር ነው። ባለቤቱም ያው ባለቤት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ምን እሴት ተጨመረበት?

አንድ ሰሞን ግን በዚሁ ዙረት ሀብታም ሆኜ ነበር። 3,000 ብር ከአንደኛው ሒሳብ ወደ ሁለተኛው አዞርኩ። «ሒሳብዎ ላይ 3,000 ብር ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት መጣ። ደስ ብሎኝ ደብተሬ ላይ «ገቢ» ብዬ ጻፍኩት። በማግስቱ ያንኑ ብር ወደ ቴሌብር አሻገርኩት። ሌላ መልእክት፣ ሌላ ገቢ። ወሩ ሲዘጋ ገቢዬ በ6,000 ብር አድጓል። ለባለቤቴ በኩራት አሳየኋት። ትንሽ አየት አደረገችና «የትኛው ኪስህ ነው ደመወዝ የጨመረልህ?» አለችኝ። የሒሳብ ሠራተኛው እንግዲህ እኔ ነኝ።

መልእክቶቹ ሁሉ «ውድ ደንበኛችን» ብለው ነው የሚጀምሩት። ድሮ ያከበሩኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ስለ ዋጋ እያወሩኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ስንት እንደወጣ ይነግሩኛል፣ ስንት እንደቀረ ይነግሩኛል። የት እንደሄደ ግን ትንፍሽ አይሉም። ከኤቲኤም 2,000 ብር ሳወጣ ለባንኩ ነገሩ እዚያው አለቀ። ለእኔ ገና መጀመሩ ነው። ማሽኑ ደጃፍ ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ እርስዎ ነዎት። «እንደው ትንሽ በእግር ብንሄድስ?» ይሉኛል። ቤት ስደርስ 1,300 ቀርቷል። በእግሬ ነው የመጣሁት!

እናቴ ሒሳብ የምትይዘው በቋጠሮ ነው። አንዱ ቋጠሮ የማርያም ማኅበር ነው። አንዱ ለጨው ለሳሙና ነው። አንዱን ለምን እንደሆነ አትናገርም፤ ለተዝካሯ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያልተቋጠረ አይወጣም። ከአንዱ ቋጠሮ ወደ ሌላው አታዛውርም። ፊደል አልቆጠረችም፣ ሒሳቧ ግን ጎድሎ አያውቅም። አንድ ቀን «እማዬ፣ ልዩ ልዩ የሚባለውን በየትኛው ቋጥረሽዋል?» አልኳት። ግራ ገባት። «እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

መሥሪያ ቤት የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ የሚባል ሥራ አለን። ባንኩ የሚለውንና መዝገቡ የሚለውን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ያልተመነዘረ ቼክ ካለ እንቀንሳለን። ባንኩ የቆረጠው ክፍያ ካለ እንመዘግባለን። ሁለቱ ይታረቃሉ፣ እንፈርማለን፣ ሻይ እንጠጣለን። ባለፈው ኅዳር ይህንኑ ቤት ልሞክር ብዬ ቅዳሜ ማታ ቁጭ አልኩ። ደብተሬ 3,140 ብር አለህ ይላል። ባንኩ 1,865 ይላል። ሁለቱን ግራና ቀኝ አድርጌ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ እንደ አገር ሽማግሌ መሃል ገባሁ። እዚህ አገር ደም የተቃባ እንኳን በሽማግሌ ይታረቃል። እነዚህ ግን አሻፈረኝ አሉ። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆነ። ባጃጁን አስታወስኩ፤ ተጽፏል። የሞባይል ካርዱን አስታወስኩ፤ እሱም ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭው ያለ ገደል ነው። ዓባይ በረሃ።

ያደረግኩትን ልንገርዎ፤ እንዳይስቁ ግን። «ልዩ ልዩ፣ 1,275» ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ። በአንዴ ታረቁ። ካሣውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤት ይህን ብሠራ ኦዲተሩ ጉሮሮዬን ይዞ ማስረጃ አምጣ ይለኝ ነበር። ቤት ኦዲተር የለም ብዬ ነው። (የለም ብዬ ነበር ማለቴ ነው። እመጣበታለሁ።)

በታኅሣሥ ቆረጥኩ። እርስዎን ከደብተሬ አባረርኩ። መስመሩን ሰረዝኩት። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ወጪ በገዛ ስሙ ይጠራል አልኩ። ባጃጅ፣ 20። ሻይ፣ 15። ጫማ ማስጠረግ፣ 20። ለባልደረባ ልጅ ክርስትና መዋጮ፣ 100። ለቅሶ፣ 100። ሌላ ለቅሶ፣ 100። የምናውቀው ሰው ሁሉ የሚሞተው ከወሩ 20ኛ ቀን በኋላ ነው ልበል? ሎተሪ፤ አልደረሰኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ስለ መተባበር ይመስለኝ ነበር። ለካ ስለ ሃያ ብር ነው።

አንድ ዓርብ ከሥራ በኋላ አምስት ሆነን ቁጭ አልን። ሒሳቡ ሲመጣ ያው የታወቀው ግብግብ ተጀመረ። «እኔ ነኝ የምከፍል!» «በሞቴ!» «ኧረ ተው!» አንዱ እጄን ያዘ፣ አንዱ ኪሴን ያዘ። ታገልኩ። አሸነፍኩ። 480 ብር። ቤት ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩና ብዕሬ ቆመ። ይህ በስሙ ሲጠራ ምን ይባላል? ምግብ እንዳልል እኔ የበላሁት የአንድ ሳህን ጥብስ አምስተኛውን ነው። መስተንግዶ እንዳልል ጋብዤ አልጠራኋቸውም። ብዙ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ «ይሉኝታ፣ 480» ብዬ ጻፍኩ።

ጽፌ ሳየው ደነገጥኩ። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ያ ሁለተኛው ለቅሶ እኮ ሰውየውን አላውቀውም፤ ስሜ ከመዋጮው ዝርዝር እንዳይጎድል ነው። ይሉኝታ። ያ ባጃጅ ለአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አለቃዬ በእግሬ ስሄድ እንዳያየኝ ነው። ይሉኝታ። ገጹ በሙሉ አንድ ስም ሊሆን ነው። ይህን ደብተር ባለቤቴ ብታገኘውስ? ቶሎ ብዬ ሰረዝኩት። ከላዩ ላይ «ልዩ ልዩ» ብዬ ጻፍኩበት። በክብር ተመልሰው መደብዎ ላይ ወጡ። እርስዎም አልተቀየሙ፣ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩ።

ጳጉሜን ግን ይቅር አልልዎትም። ለቱሪስት የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት ነን። ለደመወዝተኛ ግን ዓመቱ 12 ወር ነው፤ አምስቷ ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስቷ፣ ደመወዝ የላትም። ሆድ ደግሞ ጳጉሜን አያውቅም። ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው። ከእንቁጣጣሽ ማግስት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር። ያን ሰሞን እርስዎ ጥግ አይፈልጉም። ቤቱን ራሱን ይረከቡታል።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በቁጣ ነበር የጀመርኩት። ማብራሪያዎን በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ልጠይቅ ነበር። ትናንት ማታ ግን የመብራት ደረሰኝ ስፈልግ ከቁም ሣጥኑ ሥር ሌላ ደብተር አገኘሁ። የባለቤቴ ነው። እሷም ትጽፋለች፤ አላውቅም ነበር። ሽሮ፣ ምስር፣ ሳሙና፣ ወፍጮ ቤት፣ የልጁ ጫማ ማሰፊያ። ወፍጮ ቤቱ በሳንቲም ሳይቀር ተጽፏል። በአንድም ገጽ እርስዎ የሉም። ቀናሁ።

የኅዳርን ገጽ ገለጥኩ። ደመወዜ ከላይ ተጽፏል። ለእሷ የሰጠኋት ተቀንሷል። ኪራይ፣ እድር፣ እቁብ፣ ለእናቴ የላክሁት፣ አንድ በአንድ ተቀንሷል። ከታች፣ በእርስዎ ቦታ፣ አንዲት መስመር ቀርታለች።

«እሱ፣ 1,275።»

የማብራሪያ ጥያቄዬን አንስቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፦ ደብተሩን ቦታው መልሼዋለሁ።
ለእናቴ፦ የማን ልጅ ነው ላልሽው።