ምስክር በ12 ቮልት

እንደ ፈረንጆቹ በየካቲት 2013፣ ቼልያቢንስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ ሰማይ ላይ አንድ የጠፈር አለት ፈነዳ። ጠዋት ነበር፤ ሰው ወደ ሥራው እየነዳ ነው። ዓለም ያንን እሳት በብዛት ያየው በተራ ሾፌሮች ዳሽ ካም፣ መኪና ውስጥ ተሰቅሎ መንገዱን በሚቀርጽ ካሜራ ነው። ሾፌሮቹ ካሜራውን የሰቀሉት ግን ሰማይ ለመጠበቅ አልነበረም። ሆን ብሎ መኪና ፊት እየወደቀ "ገጨኸኝ፣ ካሳ ክፈል" የሚል ሰው ስላስመረራቸው ነው። አለቱ ምርቃት ነው።

እኛ አዲስ አበባ ላይ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አያሰጋንም። ከቀኝ ዘሎ የሚገባ ሚኒባስ ይበቃናል። ግራ ፍሬቻ አብርቶ ቀኝ የሚታጠፍ አለ። ጭራሽ ፍሬቻ የማያበራ አለ፤ እሱ እንኳ ቢያንስ አይዋሽም። ግጭት ሲፈጠር ደግሞ ጥፋተኛ የሚባል ሰው አይገኝም። ሁለቱም ሾፌሮች ቆመው ነበር። ሁለቱም ቀድመው ገብተው ነበር። እነሱ እንደሚምሉት ከሆነ መኪኖቹ የተጋጩት በራሳቸው ጊዜ ነው።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት፣ አያት ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ሁሉ "ጋሼ" የሚላቸው ጎረቤቴ፣ ይሄ ነገር አንገሸገሻቸው። ቪትዛቸው ላይ ካሜራ ሊያስሩ ቆረጡ። "ሰው ይዋሻል፤ ካሜራ አይዋሽም" አሉ። ሲናገሩ ጣታቸውን ቀስረው ነው። እኔንም ስልክ ላይ ተጥዶ የሚውል ስለሆነ ያውቃል ብለው አማካሪ አደረጉኝ።

የገባንበት ሱቅ ሻጭ ገና ከበሩ "ፎር ኬ አለኝ ፋዘር! ኦሪጅናል!" ብሎ ተቀበለን። ካርቶኑ ላይ "4ኬ" የሚለው ጽሑፍ ከካሜራው ይበልጣል። ዋጋው የሁለት ሰው ክትፎ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። እውነተኛ የ4ኬ ምስል 8 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ አለው። በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ላይ ያለው ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚያየው 2 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ተራው ፉል ኤችዲ ማለት ነው። የቀረውን 6 ሚሊዮን በግምት ይሞላዋል። የማይዋሸው ምስክራችን ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ቀጠፈ።

ጋሼን ወደ ጥግ ወስጄ "ሐቀኛ ፉል ኤችዲ ይሻልዎታል" አልኳቸው። ማታ ታርጋ የሚያነበው ጥሩ ዓይን ያለው ካሜራ ነው፤ ቁጥር ብቻ መደርደር አያነብም። ክረምት ላይ ደግሞ ታርጋው ራሱ ጭቃ ለብሶ ነው የሚውለው። ጭቃ በ4ኬም ጭቃ ነው።

ቀጥዬ "በካፓሲተር ነው የሚሠራው ወይስ በሊቲየም ባትሪ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ ትንሽ አሰብ አደረገና "ሁለቱም አለው" አለ። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። መኪና ፀሐይ ላይ ሲውል መስታወቱ ሥር ያለው ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ሆድ ይነፋዋል። ካፓሲተር የሚባለው፣ ኃይል ለአፍታ ብቻ የሚያጠራቅመው ዕቃ ግን ሙቀቱን ይችለዋል። በየቢሮው ደጅ ጥላ አጥቶ መኪናውን ፀሐይ ላይ ለሚያውል የአዲስ አበባ ሰው ከ4ኬ በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

ሜሞሪ ካርዱም ያው ነው። "512 ጊጋ" ይላል፣ በምሳ ዋጋ። ውስጡ ያለው ሌላ ነው። ለካሜራ ተብሎ የተሠራ፣ "ሃይ ኢንዱራንስ" የሚል የተጻፈበት እውነተኛ 64 ጊጋ ከሱ በስንት ጣዕሙ። በፉል ኤችዲ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ የሚሆን ጉዞ ይይዛል። ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ አዲሱን ይጽፋል። እንዲህ መርሳት የሚችል ምስክር ደግሞ ለሰላም ጥሩ ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የወደድኩለት ይሄንን ነው።

ቨርጂኒያ ኡበር የሚነዳው የጋሼ ታናሽ ወንድም በስልክ አንድ ምክር ብቻ ሰጠ። "ድምፁን አጥፋው።" የሱ ካሜራ ተሳፋሪውንም ይቀርጻል። ታዲያ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ ግን የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰውዬው ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ባደረሰ ቁጥር ድልድዩ ላይ ሕጉ ይቀየርበታል። ጥንቅር ብሎ ይቅር ብሎ ዘጋው።

ጋሼ ግን "እኔ ሜሪላንድ ነኝ እንዴ?" ብለው ድምፁን ከፈቱት። "ስድቡም ማስረጃ ነው" አሉ።

ለመግጠም ዲኮር ቤት ሄድን። እትዬም፣ የጋሼ ባለቤት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። አሁን ቪትዟ የፊት መስታወት ላይ ቦታ ፈልጉ። ቦሎው አለ። የአምና ቦሎም አልተላጠም። የሦስተኛ ወገን መድኑ ስቲከር አለ። ለካሜራ የሚመከረው ቦታ ከውስጡ ስፖኪዮ ጀርባ ነው፤ ሾፌሩን አይጋርድም፣ የዝናብ መጥረጊያውም ይደርስለታል። እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ እትዬ ራሳቸው የለጠፉት ቅዱስ ገብርኤል አለ። ልጁ ሊልጠው ጥፍሩን ሲያስጠጋ ከኋላ "እጅህን!" የሚል ድምፅ መጣ። እጁን ሰበሰበ። ካሜራው ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ተሰቀለ። እዚያ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠው የሶፍት ካርቶን መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። እስካሁን ጋሼ ከቀረጹት ሁሉ ጥርት ብሎ የሚታየው ሶፍቱ ነው።

ሽቦውን ልጁ በጣራው ምንጣፍ ሥር ወስዶ በበሩ ቋሚ አወረደው። ይሄን ጥሩ ሠራ። (ቋሚው ላይ የኤርባግ ምልክት ያለባችሁ ግን ሽቦው ከኤርባጉ ጀርባ ይለፍ በሉት። ፊት ለፊቱ ካለፈ ኤርባጉ ሲነፋ ሽቦውን ይዞ ወደ እናንተ ይመጣል።) ችግሩ የመጣው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። ቴስተሩን በጥርሱ ይዞ "ፋዘር፣ ቀጥታ ልስጠው? ሌሊትም ይቀርጽልዎታል" አለ። ቀጥታ የሚሰጥ ከሆነ የባትሪው ቮልት ወደ 12 ሲወርድ ካሜራውን የሚያጠፋ ትንሽ ዕቃ አብሮ መግባት አለበት። ነገርኩት። "ትርፍ ወጪ ነው" አለ። ጋሼም "ትርፍ ወጪ ነው" አሉ። ሁለቱን ሽቦዎች ጠምዝዞ ናስትሮ ጠቀለለባቸው። አለቀ።

ቅዳሜና እሁድ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ዋለች። ሰኞ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ጭጭ። ቪትዟ አውቶማቲክ ስለሆነች "እስቲ ግፉልኝ" የሚባል ነገር የለም። ከሌላ መኪና በገመድ ባትሪ ተለምኖ ተነሣች። ኋላ ሲታይ ያ ሁሉ ኃይል ያለቀው የግቢውን ዘበኛ እንቅልፍ በመቅረጽ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል፣ ንጋት ላይ ይነሣል። መሐል ላይ አንዴ ይገላበጣል፤ ካሜራው "እንቅስቃሴ አየሁ" ብሎ መዝግቦታል።

ወር ሳይሞላ ደግሞ የግራ ስፖኪዮ ተነቀለ። የዚህች ከተማ ሰው ካሜራ የሚያስረው ግማሹ ለስፖኪዮ ነው። ታዲያ ነገሩን በሥርዓት እናስበው። ካሜራው መሐል መስታወት ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያል። ስፖኪዮው ያለው ጎንና ጎን ነው። 140 ዲግሪ ቢያይም እዚያ አይደርስም። በቪዲዮው ላይ ያለው ጨለማ መንገድ፣ አንድ ድመትና "ቀጭ" የሚል ድምፅ ነው። ጋሼ ቀጩን ለሰፈሩ ሁሉ አሰሙ። ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ሶማሌ ተራ ሄደው ስፖኪዮ ገዙ። የራሳቸው ይሁን የሌላ ሰው የሚነግራቸው ካሜራ አልነበረም።

ሰዓቱን ማስተካከል ለብቻው አንድ ቅዳሜ ፈጀ። ጋሼ በፈረንጅ ሰዓት አይስማሙም። "ጠዋት 2 ሰዓት የገጨኝን ሰው 8 ሰዓት ብሎ ቢመሰክር ማን ያምነኛል?" ነው ክርክራቸው። እውነት አላቸው። በእጅ ብናስተካክለው ጂፒኤሱ ከሳተላይት እየጠየቀ ይመልሰዋል። በመጨረሻ መላ ተገኘ። እኛ ያለንበት የሰዓት ክልል ከግሪንዊች 3 ይቀድማል። የሐበሻ ሰዓት ከዚያ 6 ያንሳል። ስለዚህ ካሜራውን ከግሪንዊች በ3 ወደ ኋላ አደረግነው፤ ብራዚል ነኝ ብሎ አመነ። አሁን ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን 2 ይላል። ቀኑም የሚቀየረው እኩለ ሌሊት መሆኑ ቀርቶ ሲነጋ ነው፣ እንደ እኛው። ጳጉሜን ግን አያውቃትም። በጳጉሜ የሚጋጭ ሰው እንደምንም በሰው ምስክር ይወጣት።

አንድ ነገር ብቻ ሳይነካ ቀረ። ካሜራው ውስጥ ግጭት የሚሰማ ዳሳሽ አለ። መኪናው ሲናጥ የዚያን ደቂቃ ቪዲዮ ይቆልፈዋል፤ የተቆለፈ ደግሞ አይደመሰስም። የዲኮር ቤቱ ልጅ ዳሳሹን "ሃይ" ላይ፣ በትንሹም በሚነቃበት ላይ ጥሎት ሄዷል። ዋናው አስፋልት በኮሪደር ልማቱ እንደ መስታወት ሆኗል፣ አይካድም። የኛ የሰፈር መንገድ ግን ጉድጓዱ ቆጠራ አያውቅም። ቪትዟ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ካሜራው "ተገጨን!" ብሎ ይቆልፋል። ስለዚህ የረጅሙ መንገድ ቪዲዮ እየተደመሰሰ፣ ጋሼ ጉድጓድ ላይ ሆነው የተናገሩት ሁሉ ለዘላለም ይቀመጣል።

ግጭቱ የደረሰው ጉርድ ሾላ አካባቢ ነው። ከአያት መገናኛ የሚሠራ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ከቀኝ ተቆልምሞ ገባ፤ የቪትዟን ፓራውልት ይዞት ሄደ። እኔ ጋሼ አጠገብ ነበርኩ። ጥፋቱ መቶ በመቶ የሚኒባሱ ነው። ሾፌሩ ግን ወርዶ ገና በሩን ሳይዘጋ "ቆሜ ነው የገጨኸኝ!" አለ። ደቂቃ ሳይሞላ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰበሰበ። መንገዱ ተዘጋ። ከኋላ ክላክስ ይጮሃል። አንዱ "ፕላን ሳይነሣ እንዳትንቀሳቀሱ" ይላል፤ ሌላው "ኧረ ተስማምታችሁ ልቀቁ" ይላል።

ጋሼ አልጮሁም። ለዚህች ቀን ነበር የተዘጋጁት። ጣታቸውን ቀስረው "ካሜራ አለኝ" አሉ።

ሕዝቡ ጸጥ አለ። ትራፊክ ፖሊሱም ደረሰ። ሰው ሁሉ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ያቺን የሁለት ጣት ስክሪን ከበበ። ረዳቱ እፊት ነው ያለው። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የተቆለፉ ቪዲዮዎች ያሉበትን ከፈቱ፣ የመጀመሪያውን ነኩ።

የሰፈራችን ጉድጓድ መጣ። ቪትዟ ስትናጥ ይታያል። ቅዱስ ገብርኤል ጥግ ላይ አሉ፤ ሶፍቱም አለ። ከዚያ የጋሼ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። "ሄሎ! አዎ አዎ፣ መገናኛ ደርሻለሁ! ሁለት ደቂቃ!"

ከታች ሰዓቱ ይነበባል፤ 2 ሰዓት ከ5። የዛሬ ነው። የፈረንጅ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ግማሹ ሰው እስኪያሰላ ያልፍ ነበር።

"እንዴ! ይሄ አያት አይደል እንዴ?" አለ ረዳቱ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የታንከሩ ጋ ያለው ጉድጓድ ነው!"

ጋሼ በድንጋጤ ሌላውን ነኩት። ያው ጉድጓድ፣ የትናንት። "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ልደውልልህ።" ሌላውን ነኩት። "ኧረ እሷ ምን ታውቃለች፣ እኔ ነኝ የምወስነው፤ አትንገራት ብቻ።" ይሄኛው ስለ እትዬ መሆኑን እኔ ገባኝ፤ ሕዝቡም የገባው ይመስለኛል፣ ሁለት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

የሚኒባሱ ሾፌር ነፍስ ዘራ። "አያችሁ አይደል? ሰውዬው ራሳቸው ውሸታም ናቸው!" አለ። ከዚያ ወዲህ የግጭቱ ቪዲዮ ተገኝቶ ቢታይም ትርጉም አልነበረውም። አይተውታል። ሦስት ጊዜ አይተውታል። ሚኒባሱ ዘሎ ሲገባ፣ ፓራውልቱን ይዞ ሲሄድ ይታያል። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት "ልክ ነህ ልጄ፣ ጥፋቱ የሱ ነው። ግን በቃ ግማሽ ግማሽ ቻሉት" አሉ።

ጋሼ "በማስረጃ እኮ ነው!" ብለው ተቆጡ። ትራፊኩም አገዛቸው። "አባት፣ ማስረጃዎ ጥሩ ነው። ካርዱን እንዳለ ይዘው ጣቢያ ይምጡ፤ ሁሉም ይታያል።"

"ሁሉም?" አሉ ጋሼ።

"ሁሉም።"

ጋሼ ስክሪኑን አዩት። ባለባርኔጣውን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው የሚኒባሱን ሾፌር ጨበጡት። ግማሽ ግማሽ ሆነ።

ካሜራው አሁንም እዚያው ነው፤ ድምፁ ግን ጠፍቷል። ፓራውልቱም ተሠርቷል። ያ ሚኒባስ መስመሩ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት አያት ላይ እንገናኛለን። ረዳቱ በመስኮቱ ወጥቶ "መገናኛ! መገናኛ! ሁለት ሰው! የሞላ!" እያለ ይጣራል። ቪትዟን ሲያይ እጁን ያነሣና ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

"መገናኛ! መገናኛ! ጋሼ ደርሰዋል!"