እርማት፦ ካንደር ወደ ቱን ሐይቅ የሚፈሰው በሰው እጅ ተጠልፎ ነው

ስለ ስዊዘርላንዱ የካንደር ወንዝ በሰጡት ማብራሪያ «ከጥንት ጀምሮ በተፈጥሮ መንገዱ ወደ ቱን ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው» ብለዋል። ይህ ብዙዎች የሚደጋግሙት ስሕተት ነውና ሊታረም ይገባል። ወንዙ ከካንደርፊርን የበረዶ ግግር ተነሥቶ፣ የጋስተርንን ሸለቆ አቋርጦ፣ በካንደርሽቴግና በፍሩቲገን በኩል ወደ ሰሜን እንደሚወርድ የገለጹት ትክክል ነው። እስከ 18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ግን ካንደር የሲመን ወንዝ ከተቀበለ በኋላ በሽትሬትሊገን ኮረብታ ከሐይቁ ተከልሎ ያልፍና ከቱን ከተማ በታች ከአሬ ወንዝ ጋር ይገናኝ ነበር። በዚያ የሚያራግፈው ድንጋይና ደለል የአሬን ፍሰት እየገታ አካባቢውን ደጋግሞ ስላጥለቀለቀው፣ የበርን መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1711 እስከ 1714 ኮረብታውን አስቆፍሮ ወንዙን ወደ ሐይቁ ጠለፈው።

ውኃው የተለቀቀበት ዋሻ ብዙም ሳይቆይ ተደረመሰ፤ ወንዙም ወለሉን በኃይል እየቦረቦረ ዛሬ ተመልካች የተፈጥሮ ሥራ የሚመስለውን ገደላማ ሸለቆ ፈጠረ። የሥራው ትልቁ ጉድለት፣ በእኔ አመለካከት፣ ሐይቁ የሚቀበለው ውኃ እጅግ እንደሚጨምር እየታወቀ መውጫው አስቀድሞ አለመስፋቱ ነው፤ በዚህም የተነሣ ጎርፉ ወደ ቱን ከተማ ዞረ። በሐይቁ ዳር የሚታየው የካንደር ዴልታም ከ1714 ወዲህ በተከማቸ ደለል የተሠራ ነው።