ሁሉንም በውጭ እጅ ማላከክ ይብቃ

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ ሱዳን ወደ ሲቪል አስተዳደር የጀመረችውን ሽግግር ያከሸፉት የውጭ መንግሥታት ናቸው ይላል። በግማሹ እስማማለሁ። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት አል በሽር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ከሥልጣን በወረዱ በ10ኛው ቀን ሳዑዲ አረቢያና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የ3 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ እንደሚሰጡ አሳወቁ። 500 ሚሊዮኑ ለማዕከላዊ ባንኩ ነበር። ሕዝቡ እኮ ያኔ ካርቱም ላይ የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ደጃፍ ተቀምጦ የሲቪል መንግሥት እየጠየቀ ነበር! ታዲያ ድጋፉ ለማን ነው? በሽርን ተክተው ሥልጣን ለያዙት ጄኔራሎች ነዋ። የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አዛዥ ሄሜቲ ደግሞ ተዋጊዎቹን ሳዑዲና ኤምሬቶች ወደሚዋጉበት የመን ድረስ ልኮ ስለነበር ከሁለቱ አገሮች ጋር አዲስ ትውውቅ አላስፈለገውም። ግብጽም ብትሆን የጦሩን አዛዥ ቡርሃንን እንጂ ሲቪሎቹን ስትደግፍ አላየንም።

ግማሹ ግን አይዋጥልኝም። ጦሩ የራሱ ኩባንያዎች አሉት። ሄሜቲ የወርቅ ንግድ ውስጥ ገብቶ ከብሯል። ሥልጣን ለሲቪል ማስረከብ ማለት ይህን ሁሉ ለቁጥጥር መክፈት ነው። ለዚህ የማንም ምክር አያስፈልጋቸውም። በጥቅምት 2021 ቡርሃንና ሄሜቲ ተባብረው መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ፤ በሚያዝያ 2023 እርስ በርሳቸው ተታኮሱ።

ደግሞ የውጭ እጅ ሁሉ ክፉ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 3 ቀን 2019ኙ የሰልፈኞች ጭፍጨፋ በኋላ የአፍሪካ ኅብረት ሱዳንን አገደ፤ ኢትዮጵያም ለሽምግልና ካርቱም ገባች። የነሐሴ 2019 የሥልጣን መጋራት ስምምነት የመጣው በዚያ ግፊት ጭምር ነው። ጸሐፊው ይህን ለምን ዘለለው?