ማስተካከያ፦ ስለ ደሴ ፒያሳ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ስለሚባለው የደሴ ሰፈር ሱቆች፣ ስለ መስታወታቸውና ስለ ጫማዎቻቸው ዋጋ በጻፍኩት ላይ ሁለት ስሕተቶች ገብተዋል።

የመጀመሪያው የከፋ ነው። «ደሴን ጣሊያን ቆረቆራት» ብዬ ነበር። የወሎ ሰው ሆኜ ይህን መጻፌ ያሳፍረኛል! ደሴን የቆረቆሯት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። በ1875 ዓ.ም. በሠፈሩበት ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደስዬ» አሉት ይባላል፤ ደስታዬ እንደ ማለት ነው። የወሎው ገዥ ንጉሥ ሚካኤልም መቀመጫቸው አድርገዋት፣ ስሙ ራሱ ግብዣ የሆነውን አይጠየፍ አዳራሽ አሠርተውባታል። ጣሊያንማ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአየር በቦምብ ደብድቧት፣ ሚያዝያ 7 ቀን ገባባት። የሚደበደብ ከተማ ደግሞ አስቀድሞ መኖር አለበት።

ሁለተኛ፣ «ፒያሳ» በጣሊያንኛ አደባባይ ነው እንጂ፣ እንደጻፍኩት «የሀብታም ገበያ» ማለት አይደለም። ስሙ የጣሊያን ቢሆንም ግብይቱ የአገሬው ነው፤ ለዚህም የደሴው ሰኞ ገበያ ምስክር ነው፤ ስሙን ያገኘው ከገበያው ቀን ነው።

ስለ ሱቆቹ መስታወትና ስለ ጫማዎቹ ዋጋ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፤ ዋጋውን ማስተካከል ከእኔ ዐቅም በላይ ነው።