ቺለር ቺለር አትበሉን እስኪ!

ኧረ በፈጣሪ! ቬጋስ ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው በጋ በመጣ ቁጥር የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቺለር የሚባለውን የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን ግዛ። ሱቅ ብትሄድ ቺለር፣ ሰው ብትጠይቅ ቺለር። ገንዳህ ስንት ሊትር ይይዛል፣ ውሃው ስንት ዲግሪ ገባ፣ ክዳን አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው የለም። ዋጋውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ መቶዎች ዶላር ነው። ሁለት ስራ እየሰራ፣ ኪራይ እየከፈለ፣ አገር ቤት ለእናቱ እየላከ ለሚኖር ልጅ እንደ ማስቲካ ዋጋ ነው የሚነግሩት። በጣም ያንገበገበኝ ደግሞ አንዱ ሱቅ ውስጥ ከኋላ በኩል አሳ የሚያቆዩበት ክፍል ገብቼ ሳይ የራሳቸው ገንዳዎች ላይ የተገጠመው ፋን ነው! ለራሳችሁ ፋን ለኛ ቺለር፣ ይሄ ምን ይባላል?

ሙቀቱ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ጁላይ 7 ቀን 2024 እዚህ ከተማ 120 ፋራናይት ገብቶ ሪከርድ ሰብሯል፣ በሴልሺየስ 49 አካባቢ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሰሞን ኤሲ ሲበላሽ የአፓርታማው ቢሮ ሄደህ ትናገራለህ፣ «መዝግበናል፣ ሰኞ ሰው እንልካለን» ይሉሃል። ገንዳው ውስጥ ያለው ኮራል የሚባለው የባህር እንስሳ ደግሞ እስከ ሰኞ አይጠብቅም። ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ የለመደ ፍጥረት ነው፣ ውሃው 30ን አልፎ ከቆየ ውስጡ የሚኖረውንና የሚመግበውን አልጌ ያስወጣና ነጭ ይሆናል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅንም ስለሚቀንስ አሶቹ ወደ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ታያለህ፣ እሱን ቆሞ ማየት አንጀት ይበላል።

እና መፍትሄው ምንድነው? የድሮ ኮምፒዩተር ፋን! ከተጣለ ኮምፒዩተር ትፈታዋለህ፣ 12 ቮልት የሚል የተጻፈበት የድሮ ራውተር አዳፕተር ታገናኝለታለህ፣ ክዳኑን ታነሳና ገንዳው ጠርዝ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስረዋለህ፣ ዘንበል አድርገህ፣ ነፋሱ ውሃውን ገረፍ ገረፍ እንዲያደርገው። ላዩ ላይ ትንንሽ ሞገድ ካየህ በትክክል ገብቷል ማለት ነው። እንደ ቤቱ አየር 2 ወይ 3 ዲግሪ ያወርዳል። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናቶቻችን ያውቁታል፣ ላዩ ያልበዋል፣ ያ ላብ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ፋኑም የሚሰራው ይህንኑ ነው። 1 ሊትር ውሃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት 5 ኪሎ በረዶ ቀልጦ እንደ ገንዳው ውሃ እስኪሞቅ ድረስ ከሚወስደው ይበልጣል። ይሄን የሚነግርህ ሻጭ ግን የለም፣ ምክንያቱም ከፋን ምን ያተርፋል?

ቺለሩ ራሱ እኮ ሙቀቱን ከውሃው አውጥቶ ሰማይ ላይ አይወስደውም፣ ሳሎንህ ውስጥ ነው የሚተፋው። ኤሲ በሌለው አንድ ክፍል ቤት አስቡት።

ደግሞ ሌላው የሚያናድደኝ በቪዲዮ የሚለቀቀው ነገር። ትንሽዬ ፍሪጅ በስተህ ቱቦ ጠቅልለህ ውስጡ አስገባ፣ በነጻ ቺለር ሰራህ! አይሰራም ወገኖቼ። ፍሪጅ የቀዘቀዘን ነገር እንደቀዘቀዘ እንዲያቆይ ነው የተሰራው፣ የገንዳው ፓምፕ 24 ሰዓት፣ መብራቱም በበራ ቁጥር ሙቀት እየጨመሩበት ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ሲሰራ ይቃጠላል፣ የፕላስቲክ ቱቦም ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ከዛ የባሰው ደግሞ ቱቦውን መዳብ አድርጉት የሚሉት ናቸው። አንድ የማውቀው ልጅ ቪዲዮ አምኖ የመዳብ ቱቦ ውሃው ውስጥ ከቶ ሽሪምፖቹ በሙሉ አለቁበት፣ ልጁ አለቀሰ። መዳብ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው፣ በጨው ውሃ ውስጥ እየሟሟ ይገባል፣ እውነተኛዎቹ ቺለሮች ቲታኒየም የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ይሄን ሳታውቅ ለሺ ሰው ቪዲዮ መልቀቅ ግፍ ነው።

በረዶም እንዲሁ ገንዳው ውስጥ አይወረወርም፣ ጨዉን ያቀጥነዋል፣ ሙቀቱንም በአንዴ ይጥለዋል። የግድ ከሆነ በደንብ የተዘጋ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ በረዶ አድርጎ ማንሳፈፍ ነው፣ እሱም ኤሲው እስኪሰራ ለጭንቅ ቀን። የገንዳውን መብራት ደግሞ ቀን አጥፍቶ ማታ ማብራት ምንም ወጪ የለውም፣ ውሃ ውስጥ ያለ የማያስፈልግ ፓምፕም ይውጣ፣ የሚበላው ዋት በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው።

ፋን ስትገጥሙ ግን ሦስት ነገር በእናታችሁ። የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፣ ጨዉ ይቀራል፣ ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ሙሉት፣ የቧንቧ ውሃ አይደለም፣ የቬጋስ ቧንቧ ውሃ ከሌክ ሚድ ሐይቅ የሚመጣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው፣ በአርኦ፣ ማለትም ጨውና ማዕድን በሚያስቀር ማጣሪያ፣ የተጣራ ይሁን። ክዳን ስለተነሳ አሳ ዘሎ ይወጣል፣ ቀጭን መረብ አልብሱት። ሽቦው ደግሞ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ ውሃ ተከትሎት ቢወርድ እዛው ይንጠባጠብ።

ዱባይና ጅዳ ያላችሁ፣ የናንተ ነሐሴ እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ውሃው ቶሎ አይተንም፣ ኤሲ ከሌለ ፋን ብቻውን ብዙ ላያግዝ ይችላል፣ ለእናንተ ቺለር የምር ሊያስፈልግ ይችላል፣ አልክድም። ቬጋስና ፊኒክስ አየሩ እንዲህ ደርቆ ግን መጀመሪያ ፋን ሞክር ሳይሉት ድሃን ቺለር ማስገዛት ጭካኔ ነው።

ቬጋስ ያላችሁ፣ የማትጠቀሙበት የኮምፒዩተር ፋን ወይ አዳፕተር ካላችሁ አትጣሉት። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ኤሲ ለተበላሸባቸው ልጆች ራሴ እየዞርኩ እገጥማለሁ።